እናት ብቻዋን አታጠባም

በአገራችን አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ደስታውን ይገልጣል። ገንፎው ይገነፋል፤ አጥሚቱ ይቀርባል፤ «ወንድ ነው ሴት? ማንን ይመስላል?» ይባላል። እነዚህ ሁሉ ደግ ጥያቄዎች ናቸው። ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ጥያቄ የሚጠይቅ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ይኸውም «ይህች እናት ቁጭ ብላ ታጠባ ዘንድ ሥራዋን ማን ይሠራላታል?» የሚለው ነው።

የጡትና የጡጦ ነገር የእናት የግል ጉዳይ ሆኖ ይታያል። ብታጠባ ምስጋናው ለእርሷ፣ ጡጦ ብትሰጥ ወቀሳውም በእርሷ ላይ ነው። በድሬዳዋ ጥቂት ቤቶች ገብቼ ካየሁትና ስለ ጉዳዩ ከተጻፈው እንደ ተረዳሁት ግን፣ ሕፃኑን ጡት ወይም ጡጦ የሚያስይዘው የእናቲቱ ፈቃድ ብቻ ሳይሆን ከጀርባዋ ያለው ቤት ነው። ቤት ስል ግድግዳና ጣራውን ማለቴ አይደለም። ባልን፣ አማትን፣ የዕለት ገቢን፣ ትምህርትን፣ «ሰው ምን ይለኛል?» የሚለውንም ሐሳብ ጭምር ማለቴ ነው።

ለዚህ ነገር ድሬዳዋ ጥሩ መመልከቻ ናት። በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሲደርስ የተቆረቆረችው ይህች ከተማ ከመጀመሪያው ጀምሮ የልዩ ልዩ ቤተ ሰብ መናኸሪያ ሆና ኖራለች። ከደቻቱ ወዲህ ከዚራ በዛፍ ጥላ ሥር ቀጥ ባሉት መንገዶቿ፣ ከደቻቱ ወዲያ መጋላ በገበያዋና በጠባብ መተላለፊያዎቿ ተቀምጠዋል። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪውና ጉራጌው በአንድ ሰፈር ይኖራል፤ የአንዱን ልጅ ሌላው ያሳድጋል። የግመል ወተት ከሽንሌ በኩል ይመጣል፤ የቆርቆሮው ወተት ደግሞ ከወደብ በኩል ይገባል። እንግዲህ በድሬዳዋ የተወለደ ሕፃን ከእናቱ ጡት ሌላ ሁለት ሦስት ዓይነት ወተት ደጃፉ ላይ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ሦስት ቤቶች በአንዲት ከተማ

የመጀመሪያው ቤት ከዚራ ነው። ሚስት የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ባልም እንዲሁ። የመጀመሪያ ልጃቸው ገና ሁለተኛ ወሩን መያዙ ነው። ልታርሳት የመጣችው አማቷ ስትሆን፣ እኒህ ሴት ሰባት ልጆች ያሳደጉ ጠንካራ እናት ናቸው። በዚያ ከሰዓት በኋላ ሐሩሩ በርትቶ ሕፃኑ ሲነጫነጭ አማትዮዋ ማንኪያና ብርጭቆ ይዘው ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ ውሃ ጠምቶት ነው እኮ! እኛ ትልልቆቹ እንኳ ስንጠጣ ነው የምንውለው።»

«እማማ፣ ነርሷ እስከ ስድስት ወር ውሃ አትስጪው ብላኛለች።»

«ነርሷ የተማረችውን ትናገር፤ እኔ ደግሞ ያሳደግሁትን አውቃለሁ።»

ልጅቱ ወደ ባልዋ ተመለከተች። ባልዋም ወደ ስልኩ ተመለከተ። ሕፃኑ ውሃውን ጠጣ። በዚህች ደቂቃ የወሰነው ማነው? እናቲቱ ዲግሪ አላት፤ ነርሷ የነገረቻትንም በሚገባ ታስታውሳለች። ይሁን እንጂ ዕውቀቷ በቤቱ ውስጥ ድምፅ አላገኘም።

ሁለተኛው ቤት መጋላ ነው። ባለቤቱ ነጋዴ ናቸው፤ ቤቱ ሙሉ ነው። በመደርደሪያው ላይ የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎች እንደ ጌጥ ተደርድረዋል። አባትየው በኩራት እያሳዩኝ «አቦ፣ ለልጄ ምን ይጐድልበታል? ከሁሉ ውዱን ነው የማመጣለት» አሉኝ። ቡናው ሲፈላ ግን እናቲቱ በዝግታ ያጫወተችኝ ነገር ከቆርቆሮው ሁሉ ይበልጥ አስተማረኝ። በአራስነቷ ጊዜ ዘመዶቿ አዝነውላት፣ እንቅልፍ እንዲወስዳት ብለው ሌሊት ሌሊት ልጁን እየወሰዱ በጡጦ ያጠጡላት ነበር። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ጡቴ አነሰ፤ ልጁም ጡጦውን ለመደ። ያሳረፉኝ መስሏቸው ነው እንጂ ክፋት የለባቸውም» አለች።

እውነትም ክፋት የለበትም። ነገር ግን የጡት ወተት የሚሠራው በፈላጊው መጠን ነው። ሕፃኑ በጠባ ቁጥር ሰውነት ሌላ ወተት እንዲያዘጋጅ ይታዘዛል፤ የሌሊቱም መጥባት በዚህ ረገድ ብርቱ ነው። ጡጦው በገባ ቁጥር መጥባቱ ይቀንሳል፤ መጥባቱ ሲቀንስ ወተቱ ያንሳል፤ ወተቱ ሲያንስ ተጨማሪ ጡጦ ያስፈልጋል። «ወተቴ አልበቃ አለ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የዚህ አዙሪት መጨረሻ ነው እንጂ መጀመሪያው አይደለም።

ሦስተኛው ቤት ገንደ ቆሬ ነው። ሴትዮዋ ቀፊራ ገበያ ቲማቲምና ቃሪያ ትሸጣለች፤ ባልዋ የቀን ሠራተኛ ነው። የአምስት ወር ልጅዋን ጧትና ማታ ታጠባለች። ቀን ግን የሚጠብቃት ታላቅ እኅቷ ናት፤ እርሷም ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቀኑን የሚያደርሰው ስኳር የገባበት ውሃና ለሻይ ከተገዛው የዱቄት ወተት ላይ የተነሣ አንድ ማንኪያ ነው። ዱቄቱ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ መድረስ ስላለበት ይቀጥናል። «ለምን ይዘሻት አትወጪም?» ብዬ ብጠይቃት፣ በዚያ ፀሐይ አራስ ልጅ መሬት ላይ እንደማይዋል ነገረችኝና ቀጥላ እንዲህ አለች፤ «ወንድሜ፣ ጡት በነፃ ነው ይሉናል። ለማጥባት ቤት ስቀመጥ ግን የዕለቱን የሚከፍለኝ የለም።»

ይህን ንግግር ደጋግሜ አሰብሁት። የጡት ወተት በገበያ ዋጋ አልወጣለትም እንጂ በነፃ የሚገኝ አይደለም። የሚከፈለው በእናቲቱ ጊዜ ነው። ጊዜዋን የሚሸፍንላት ቤት ያላት ታጠባለች፤ የሌላት ግን ብትፈልግም ይቸግራታል።

የሐሩሩና የውሃው ነገር

የከዚራዋን አማት እንዲያው በአላዋቂነት መውቀስ አይገባም። ሐሩሩ እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ከመቶ እጅ የጡት ወተት 88 ያህሉ ውሃ ነው። ሞቃት በሆኑ አገሮች የተደረጉት ምርመራዎች እንዳረጋገጡት፣ ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ በበጋም ቢሆን ሌላ ውሃ አያስፈልገውም። ሐሩሩ ሲበረታ የሚያስፈልገው ቶሎ ቶሎ መጥባት ነው። ነገሩ የአንድ ቤት ችግር ብቻ እንዳይመስለን፣ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 17ቱ ከጡት ጋር ውሃ እንደሚሰጣቸው ተመዝግቧል።

ጡጦ ሲባል ደግሞ ዱቄቱ ብቻ ሳይሆን ውሃውም ይታሰብ። የድሬዳዋ የጉድጓድ ውሃ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚተው ማንኛዋም የቤት እመቤት ታውቃለች። ከዚህ የሚብሰው ግን በዓይን የማይታየው ነው። በከተማይቱ የከርሰ ምድር ውሃ ላይ የተደረጉ ጥናቶች በአንዳንድ ጉድጓዶች ናይትሬት የተባለው ንጥረ ነገር ከፍ ብሎ እንደ ተገኘ አመልክተዋል። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ50 ሚሊግራም እንዳይበልጥ የወሰነው ይልቁንም በጡጦ ስለሚያድጉት ሕፃናት ነው፤ ናይትሬት ሲበዛ የሕፃኑ ደም አየር የመሸከም ኀይሉ ይደክማልና። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተንን የቀረውን ያበዛዋል። ዱቄቱም ቢሆን ከጀርም ፍጹም የጸዳ ስላልሆነ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ሙቅ ውሃ ተበጥብጦ፣ ከዚያም ቀዝቅዞ መሰጠት አለበት። ይህን ሁሉ ለማድረግ ማገዶ፣ ጊዜና የሚያነብ ሰው ያስፈልጋል። የመጋላው ቤት ይህን ይችል ይሆናል። የገንደ ቆሬዋ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን አትችልም።

ቆርቆሮው የሥልጣኔ ምልክት የሆነበት ዘመን

የመጋላው ነጋዴ ቆርቆሮውን እንደ ክብር ማየታቸው ከየት መጣ? ታሪኩ ረጅም ነው። እ.ኤ.አ. በ1867 ሔንሪ ኔስሌ በስዊስ አገር በቬቬ ከተማ የወተት ዱቄቱን ለገበያ ሲያቀርብ፣ እናታቸውን ላጡና ጡት ለማያገኙ ሕፃናት ትልቅ እርዳታ ነበር። እያደር ግን ለችግር የተሠራው ለምቾት፣ ከዚያም ለክብር ዋለ። በአውሮፓና በአሜሪካ አስቀድመው ወደ ጡጦ ያዘነበሉት ባለጸጎችና የተማሩ ሴቶች ሲሆኑ፣ ሌላው እነርሱን ተከተለ። ኋላ ደግሞ የተማሩት ወደ ጡት ተመለሱ፤ ድሀው በጡጦው ቀረ። ዛሬ በእነዚያ አገሮች ብዙ የተማረች እናት ብዙ ታጠባለች። በእኛና በመሰል አገሮች ግን ድሀይቱ ከባለጸጋይቱ ይልቅ ለረጅም ጊዜ ታጠባለች። እኛ «ሥልጣኔ» ብለን የምንከተለው የሠለጠኑት የተዉትን ሆነ ማለት ነው።

በመካከሉ ብዙ ጥፋት ደርሷል። ሲሲሊ ዊሊያምስ የተባለችው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1939 በሲንጋፖር ባደረገችው ንግግር፣ ለሕፃናት የማይሆን ወተት በማስታወቂያ መሸጥን ከነፍስ ግድያ ጋር አስተካክላ ተናገረች። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የነርስ መሳይ ልብስ የለበሱ የኩባንያ ሴቶች በድሀ አገሮች ሆስፒታሎች ነፃ ናሙና ያድሉ እንደ ነበር ተጋለጠ፤ በ1977ም በአሜሪካ የኔስሌን ዕቃ ያለመግዛት አድማ ተጀመረ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1981 የዓለም የጤና ጉባኤ የጡት ወተት ምትኮችን ሽያጭ የሚመለከት ደንብ አወጣ። 118 አገሮች ሲደግፉት ብቻዋን የተቃወመችው የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ነበረች።

በአገራችን በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከስዊድን ጋር በመተባበር የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ክፍል፣ ኋላም የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ፋፋ የተባለውን ድብልቅ ዱቄት አውጥቷል። ፋፋ ግን ጡትን ሊተካ ሳይሆን እህል ለሚጀምር ሕፃን የተሠራ ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው፤ አንዱ ዱቄት እናቲቱን ያግዛል፣ ሌላው ይተካታል።

ወተቱ ነው ወይስ ቤቱ?

እዚህ ላይ ተማሪ አንባቢ አንድ ጥያቄ ቢያነሣ ተገቢ ነው። «ጡት የጠቡ ልጆች ጤነኞችና ብልሆች ሆኑ ይባላል፤ ግን ያ የሆነው በወተቱ ነው ወይስ ጡት የሚያጠባው ቤት ቀድሞውኑ የተሻለ ስለ ሆነ?» የሚል ነው። ሊቃውንቱም ይህን ጥያቄ አልናቁትም።

በብራዚል በፔሎታስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1982 የተወለዱ ወደ ስድስት ሺህ የሚጠጉ ልጆች ተመዝግበው፣ 3,500 ያህሉ 30 ዓመት ሲሆናቸው እንደ ገና ተፈተኑ። በዚያች ከተማ በዚያ ጊዜ ባለጸጋውም ድሀውም በማጥባት እምብዛም አይለያይም ነበርና የቤቱን ነገር ከወተቱ ነገር ለመለየት ተመቸ። ዓመትና ከዚያ በላይ የጠቡት አንድ ወር ካልሞላቸው ይልቅ በአእምሮ መለኪያ ወደ አራት ነጥብ ያህል በልጠው፣ በትምህርትና በገቢም ቀድመው ተገኙ። በአሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አንዱ በጡት ሌላው በጡጦ ያደጉ የአንድ ቤት ልጆችን ቢያስተያይ፣ አብዛኛው የረጅም ጊዜ ልዩነት ጠፋ። ስለዚህ ጡት ብቻውን ሊቅ ያደርጋል ብሎ መስበክ ከእውነቱ ማለፍ ነው።

ከክርክሩ ውጭ የሆነው የበሽታው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996ና በ1997 በቤላሩስ ከ17,000 በላይ እናቶችና ልጆች የገቡበት ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ማጥባትን እንዲያግዙ በሠለጠኑ ሆስፒታሎች የታዩት ልጆች ዓመት እስኪሞላቸው በሆድ በሽታ የተያዙት ከመቶ 9 ሲሆኑ፣ በሌሎቹ ከመቶ 13 ነበሩ። ንጹሕ ውሃና ሐኪም በሚገኝበት አገር ልዩነቱ ይህን ያህል ከሆነ፣ ውሃ በጀሪካን በሚቀዳበት ሰፈር ምን ያህል ይሆን? ከዚህም ሙከራ አንድ ነገር ልብ እንበል። ተለይተው የተሻሻሉት እናቶቹ አልነበሩም፤ የሚረዷቸው ሰዎች ነበሩ።

ቀን ቢቆጠር

በአገራችን ጡት ያልቀመሰ ሕፃን ጥቂት ነው። በዚያው የ2008 ዓ.ም. ጥናት ከመቶ 97ቱ ጠብተዋል። ችግሩ ያለው በብቸኛነቱ ላይ ነው። ከስድስት ወር በታች ካሉት ጡት ብቻ የሚጠቡት ከመቶ 58 ሲሆኑ፣ በ1992 ዓ.ም. 54፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 59 ነበሩ። በሃያ ዓመት ይህን ያህል ትምህርት ተሰጥቶ ለውጡ አምስት እጅ መሆኑ ያሳስባል። በዕድሜ ሲከፋፈልም ነገሩ ይገለጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች ከመቶ 74፣ በአራተኛውና በአምስተኛው ወር ግን 36 ብቻ ናቸው። አራስነቱ ሲያልቅ፣ ረዳቱ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ እናቲቱም ወደ እርሻዋ፣ ወደ ገበያዋ ወይም ወደ ቢሮዋ ስትወጣ ቁጥሩ ይወድቃል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠውን ፈቃድ ከ60 ወደ 90 ቀን ከፍ ማድረጉ መልካም ርምጃ ነው። ቢሆንም ሐኪሙ ስድስት ወር ሲል ሕጉ ስድስት ወር አልሞላም። ለአባት የተፈቀደው ሦስት ቀን ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ደግሞ መሥሪያ ቤቶች እናቶች የሚያጠቡበትን የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር። የድንጋጌው ፍሬ ግን የሚለካው በቢሮው ውስጥ በተገኘው ክፍል ነው። ስለ ቀፊራዋ ሴት የሚናገር አዋጅ ግን የለም፤ አሠሪዋ ራሷ ናትና።

ለማን እንንገር?

የጥንቱ ሰው ይህን ነገር በራሱ መንገድ ያውቅ ነበር። ክርስቲያኑ አራስን እስከ ክርስትናው ቀን፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ ከሥራ ያሳርፋታል። የሶማሌው ቤተ ሰብ የአርባ ቀኑን ማብቂያ አፈርተንባሕ ብሎ ያከብረዋል። ቁርአን በአል-በቀራ ምዕራፍ 233ኛ አንቀጽ ስለ ሁለት ዓመት ማጥባት ሲናገር በዚያው አንቀጽ የእናቲቱን ምግብና ልብስ በአባትየው ላይ ያደርጋል። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ የምታጠባውን የሚሸከም ሌላ ሰው ይኑር ነው። በእርግጥ ከልማዱ ውስጥ መታረም የሚገባው አለ። እንገሩን አፍስሶ በቦታው ቅቤ ወይም ስኳር ውሃ መስጠት ሕፃኑን የመጀመሪያ መከላከያውን ያሳጣዋል። ነገር ግን ልማዱን ስናርም እርዳታውን አብረን መጣል የለብንም።

ጡጦ ፈጽሞ አይነካ ማለቴም አይደለም። እናቱ የሞተችበት፣ በሕመም ምክንያት ሐኪም ከጡት የከለከለው ሕፃን ጡጦ ያድነዋል። በተገደደችው እናት ላይ ጣት መቀሰር ደግሞ ግፍ ነው።

ለእኛ ለወጣት ሹማምንትና ለተማሪዎች የቀረው ሥራ ግን አለ። የምናዘጋጃቸው ማስታወቂያዎች ሁሉ «እናቶች ሆይ» ብለው ይጀምራሉ። እስኪ አንድ ጊዜ «አባቶች ሆይ»፣ «አማቶች ሆይ»፣ «የመሥሪያ ቤት ኀላፊዎች ሆይ» ብለው ይጀምሩ። የሕፃናት ማቆያ በቀፊራ ገበያ አጠገብ ቢቋቋም፣ የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት፣ የአምስት ወሯም ወደ እናቷ ጡት ትመለሳለች። አንዱ ቤት ሁለት ልጅ ያተርፋል።

ከድሬዳዋ ከመነሣቴ በፊት ወደ ከዚራው ቤት ተመልሼ ነበር። ነርሷ ለክትባት በሄዱ ጊዜ ልጅቱን ትታ ለአማትዮዋ ነበር የተናገረችው። «እማማ፣ ይህን ልጅ ከውሃ የሚጠብቁልኝ እርስዎ ነዎት» አለቻቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቤት ሕፃኑን ውሃ ሊያጠጣ የሚደፍር የለም፤ ዘበኛዋ እርሳቸው ሆነዋል። ባልየውም አንድ ባለባጃጅ ተዋውሏል። ሚስቱ ወደ ሥራ ስትመለስ አማትዮዋ ሕፃኑን ይዘው ጧት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ ወደ ቢሮዋ በር እንዲሄዱ ተስማምተዋል። የባጃጁ ዋጋ ከአንድ ቆርቆሮ ወተት ይረክሳል ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ፈገግ ብሎ «ገና አላሰላሁትም፤ ግን እናቴ ደስ ብሏታል» አለኝ።